ጅማ ላይ የቆየ የብር ጌጥ ፍለጋ፦ ከቤተሰብ ወርቅ ቤት ደጃፍ እስከ ሻንጣዎ

አንድ የቆየ የብር አምባር ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ግራሙ ይታወቃል። አንጥረኛው ምን ያህል እንደደከመበት፣ የማን እጅ ላይ እንደኖረ፣ ከየት አገር በነጋዴ ጓዝ እንደመጣ ግን ሚዛኑ አይናገርም። ገዢው ይህን ማየት ካልቻለ የሚከፍለው ለግራሙ ብቻ ነው። ባለሱቁም በግራም ብቻ የሚፈለግ ዕቃ መደርደሪያ ላይ ከሚያቆይ አቅልጦ አዲስ ቀለበት ቢያወጣበት ይሻለዋል። እንዲህ እየሆነ ስንት ጥሩ ሥራ ወደ ማቅለጫው ገብቷል። ይህ መመሪያ ከድርድሩ ይልቅ ለማየትና ለመፈተሽ ብዙ ቦታ የሰጠው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሞ ይታወቅ። በአማርኛ «ብር» ማዕድኑም ገንዘቡም ነው። ሱቅ ውስጥ ሲነጋገሩ «ብሩ ስንት ነው?» ቢሉ ባለሱቁ ዋጋውን ሊነግርዎ ይችላል፤ እርስዎ ግን የጠየቁት ስለ ጥራቱ ነበር። «ጥራቱ ምን ያህል ነው? ከምን ጋር ተደባልቋል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ጅማ ላይ ምን ይገኛል

ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በወሊሶ፣ በወልቂጤና በጊቤ በረሃ በኩል በመኪና፣ አለዚያም በጅማ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ይገባል። ለጌጥ ፈላጊ ዋናው ቁም ነገር ግን የከተማዋ የንግድ ታሪክ ነው። የሂርማታ የሐሙስ ገበያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከደቡብ ምዕራቡ አገር ትልልቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋርም ነጋዴን በማቅረብ ይታወቃሉ። ቡናና ሌላም ሸቀጥ ፍለጋ ከሰሜንም ከምሥራቅም የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ማርትሬዛ የሚባለውን ጠገራ ብርና አሞሌ ጨው ይዞ ይገባ ነበር። ጌጥም ከነጋዴው ጋር ይጓዛል።

ስለዚህ ጅማ የተገኘ ጌጥ ሁሉ የጅማ ሥራ ነው ማለት አይደለም። በአንድ ትሪ ላይ የወሎ አልቦ (የእግር አምባር)፣ የሐረር የአንገት ጌጥ፣ የሰሜን አንገት መስቀልና የአካባቢው የጨሌ ሥራ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። «የጅማ ነው» ቢባሉ «እዚህ የተሠራ ነው ወይስ እዚህ የተገኘ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ የጌጡን ዋጋም ታሪክም ይለውጣል።

ሱቅ ከመግባትዎ በፊት ግማሽ ቀን ካለዎት የጅማ ሙዚየምንና ከከተማው ወጣ ብሎ ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ይዩ። በቤተ መንግሥቱ ዘመን ያገለገሉ ዕቃዎችን ማየት ዓይንን ያሠለጥናል። በእጅ ብዛት ያለቀ እንጨትና ብረት ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ትናንት ተሠርቶ «የጥንት ነው» የተባለ ዕቃ ቶሎ አይሸነግለውም።

ይዘው የሚሄዱት

አሥር ጊዜ የሚያጎላ ትንሽ የእጅ መነጽር፣ 0.01 ግራም የሚለይ የኪስ ሚዛን፣ ትንሽ ግን ጠንካራ ማግኔት፣ ስስ ክር፣ አንድ ነጭ የጥጥ ጨርቅ፣ ማስመሪያ፣ ደብተርና እስክሪብቶ። ይኸው ነው። አሲድ ይዘው አይሂዱ። የሰው ዕቃ ላይ በራስ እጅ አሲድ ማንጠባጠብ ነውርም ጉዳትም ነው። አስፈላጊ ከሆነ ባለሱቁ በራሱ እጅ ያደርገዋል።

ነጩ ጨርቅ ሦስት ሥራ አለው፦ ጌጡ ሲቀመጥበት እንዳይጫር ይከላከላል፣ በሐሰት የጠቆረ ነገር ቀለሙን ይለቅበታል፣ የተበጠሰ ክር ጨሌ ሲያንጠባጥብም ይይዛል።

ቀንና ሰዓት

ለመቀመጥና ለመጫወት የተሻለው ጊዜ ከሐሙስና ከዓርብ ውጭ ያለ ቀን፣ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ነው። ሐሙስ ገበያ ነው፤ ባለሱቁ ከገጠር ከመጣው ደንበኛ ጋር ይያዛል። ዓርብ ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ብዙዎቹ ለጁምዓ ይዘጋሉ። በረመዳን ከሰዓት በኋላ ሄዶ ረጅም ወሬ መክፈት ጾመኛን ማድከም ነው። ሐሙስ ግን አንድ ጥቅም አለው፦ ከገጠር የሚመጣ አሮጌ ጌጥ ብዙ ጊዜ ወርቅ ቤት የሚደርሰው በገበያ ቀን ነው። ሐሙስ ማታ የገባውን ዕቃ ቅዳሜ ጠዋት ሄዶ ማየት ጥሩ ዘዴ ነው፤ ገና ለማቅለጥ አልተመደበም።

የቀኑ ብርሃን ደግሞ ከሰዓቱ ይበልጣል። በቢጫ አምፖል ሥር ነሐስ ወርቅ፣ ኒኬልም ብር ይመስላል። መብራት ሄዶ በስልክ ባትሪ ቢያዩ ደግሞ ስንጥቅ ይደበቃል። «ደጃፍ ላይ ባየው ይፈቀዳል?» ብለው ጠይቀው ከበሩ ሳይወጡ በቀን ብርሃን ይዩት።

ሲገቡ

የቤተሰብ ወርቅ ቤት ከመስታወቱ ኋላ አዲሱን ዕቃ ይደረድራል። የቆየው ብዙ ጊዜ በመሳቢያ፣ በቆርቆሮ ሣጥን ወይም በጨርቅ ተጠቅልሎ ከኋላ ይቀመጣል። ስለዚህ በመስታወት አይተው «የለም» ብለው አይውጡ።

ሰላምታው ይቅደም። ለሸመገሉ ሙስሊም ባለሱቅ «አሰላሙ አለይኩም»፤ ሐጅ ያደረጉ እንደሆነ «ሐጂ»። በኦሮምኛ ለሚያወሩ ትልቅ ሰው «ኦቦ»፣ ለእናት «አዴ»፤ «አካም ነጉማ» ካሉ ፊት ይፈታል። በአማርኛ ከሆነ «ጋሼ»፣ «እትዬ»። ልጅየው ወይም ልጅቷ ሱቁን ቢይዙም አባትየው ወይም እናትየው ጥግ ላይ ተቀምጠው ከሆነ መጀመሪያ ሰላም የሚሉት እነሱን ነው። ታሪኩ ያለው እነሱ ዘንድ ነው፤ የዋጋው የመጨረሻ ቃልም ብዙ ጊዜ ከዚያው ጥግ ይመጣል።

ከዚያ በቀጥታ «የቆየ የብር ነገር ይኖራችኋል? ለማየትም ቢሆን» ይበሉ። «ለማየትም ቢሆን» የሚለው ቃል ዋጋ አለው፤ ባለሱቁ ሣጥኑን ከመክፈቱ በፊት እንግዳው መግዛት ብቻ ነው የሚፈልገው ወይስ ማወቅም ጭምር የሚለውን ያስባልና። ቡና ከቀረበ እምቢ አይበሉ። አቦሉን ጠጥተው ቢነሱ ቅር የሚሰኝ የለም፤ ጌጡ ግን ብዙ ጊዜ የሚወጣው በቶናው ሰዓት ነው።

ፎቶ ሳያስፈቅዱ አያንሱ። ስምና ፊት ሳይገባ ጌጡን ብቻ እንደሚያነሱ ቢናገሩ ይቀላል። በጨርቅ ከተጠቀለለው መካከል «ይህ የእናቴ ነው፣ አይሸጥም» የሚባል ነገር ቢወጣ አይቶ ማመስገን ብቻ ነው። ዋጋ አይጠይቁበት። ይህን አንዴ የጣሰ እንግዳ ቀሪው መሳቢያ አይከፈትለትም።

ማየት፦ አንድ አልቦ በእጅ

አልቦውን በጨርቁ ላይ ያስቀምጡ፤ ከጨርቁ ከፍ አድርገው አይያዙት። መጀመሪያ ያለ መነጽር ይዩት፤ ወዲያና ወዲህ ያዙሩት። አንድ ጌጥ በእውነት ሲለበስ ኖሮ ከሆነ ያለቀው እኩል አይደለም። ቁርጭምጭሚት ላይ የሚያርፈው ውስጠኛው ጎን ልስልስ ብሎ ያበራል፤ ውጭኛው ጎን ደግሞ የጥልፉ ከፍታ ያልቃል፣ ጎድጓዳው ግን ጥቁረቱን ይዞ ይቀራል። ተንጠልጣይ ቃጭሎች ካሉት የማንጠልጠያዎቹን ቀለበቶች በመነጽር ይዩ። ቃጭሉ የሚስበው ወደ ታች ስለሆነ ቀለበቱ የሚሳሳው ክብደቱ በሚያርፍበት በአንድ ወገን ነው፤ ብዙ ዘመን የተለበሰ እንደሆነ እንደ ክር ይቀጥናል። ዙሪያውን እኩል የወፈረ ቀለበት ያለው «የመቶ ዓመት አልቦ» ወይ ቀለበቱ ተቀይሯል ወይ ራሱ አዲስ ነው።

ቀጥሎ ጥቁረቱን ይመርምሩ። ብር የሚጠቁረው ከአየር ድኝ ጋር ተዋሕዶ ነው። ይህ ጥቁረት ቀስ በቀስ ይመጣል፤ ቢጫ፣ ቡናማ፣ ከዚያ ጥቁር ይሆናል፤ ዳር ዳሩም እየደበዘዘ ይሄዳል። በቀለም ወይም በጥቀርሻ የጠቆረ ዕቃ ግን ከፍታውም ጎድጓዳውም አንድ ዓይነት ጥቁር ነው፤ በነጩ ጨርቅ ጠበቅ አድርገው ቢያሹት ይለቃል። አረንጓዴ ዝገት ካዩ ብዙ መዳብ አለበት ማለት ነው። ይህ ብቻውን ሐሰተኛ አያደርገውም፤ የድሮ አንጥረኛም ብሩን ለማጠንከር መዳብ ይጨምራል።

ከዚያ ብየዳውን። የጥሩ አንጥረኛ ብየዳ በብር ስለሆነ መስመሩ ቀጭንና ከአካሉ ቀለም ጋር የተስማማ ነው። ግራጫ፣ የጠገበ ጠብታ የመሰለ፣ በጥፍር ሲጫኑት ለስለስ የሚል ካዩ እርሳስና ቆርቆሮ ነው፤ ኋላ የመጣ ጠጋኝ የሠራው። ይህ ትንሽ ነገር አይምሰልዎ። እርሳስ ያለበት ብር ለብር ብየዳ በሚያስፈልገው ከፍተኛ ሙቀት ሲጋል እርሳሱ ብሩን ይበላዋል፣ ይበሳዋልም። ስለዚህ ወደፊት የሚጠግንልዎ ሰው እርሳሱን በሙሉ ፍቆ ካላወጣ ጌጡ እሳት ላይ ይበላሻል። እርሳስ ያለበት ዕቃ ዋጋው መቀነስ አለበት።

በሽቦ የተሠራ ጥልፍ ከሆነ ሽቦዎቹን በመነጽር ይከተሉ። በእጅ የተሳበና የተጠማዘዘ ሽቦ ውፍረቱ ትንሽ ትንሽ ይለያያል፣ ጫፎቹም አንዳንድ ቦታ ይታያሉ። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ዕቃ ግን ሽቦ ይመስላል እንጂ በሽቦዎቹ መካከል ክፍተት የለም፤ ጎድጓዳው ውስጥም የአየር አረፋ የተወው ደቃቅ ቀዳዳ ይታያል። መስቀል ከሆነ ጀርባውን ያዙሩ፤ ፊቱን ሁሉም አሳምሮ ይሠራል፤ ቸኩሎ የተሠራ ዕቃ የሚጋለጠው ከጀርባው ነው።

ብሩን መፈተሽ

ማግኔት ወደ ራሱ ከሳበው ብር አይደለም፤ ወይም ውስጡ ብረት አለ። ካልሳበው ግን ምንም አልተረጋገጠም፤ ነሐስም መዳብም አሉሚኒየምም አይሳቡም። ኒኬል የሚሉት ነጭ ቅይጥ፣ መዳብ፣ ዚንክና ኒኬል የተደባለቀበት፣ በስሙ ብዙ ጊዜ ብር እየተባለ ይሸጣል፤ ከብር አንድ ቅንጣት የለበትም። እሱን የሚለየው ክብደት በውኃ ነው።

1. ጌጡን ደረቁን ይመዝኑ። ለምሳሌ 31.40 ግራም።
2. ግማሽ ድረስ ውኃ የተሞላ ትንሽ ኩባያ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ወደ ዜሮ ይመልሱ።
3. ጌጡን በስስ ክር አስረው ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ ያንጠልጥሉ። ታችም ጎንም አይንካ።
4. ሚዛኑ ያሳየውን ይጻፉ። ለምሳሌ 3.08።
5. የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ያካፍሉ፦ 31.40 ለ3.08 ሲካፈል 10.2 ገደማ።

ንጹሕ ብር 10.5 ይሆናል። ከጠገራ ብር የተሠራ ዕቃ 10.2 አካባቢ ነው። ግማሹ መዳብ ከሆነ ወደ 9.7 ይወርዳል። ከ8.4 እስከ 8.8 ካገኙ ነሐስ ወይም ኒኬል ይዘዋል።

ይህ ፈተና የሚሳሳትባቸው ቦታዎች አሉ። አረፋ በጥልፉ ውስጥ ተይዞ ከቀረ ቁጥሩ በሐሰት ይወርዳል፤ ጌጡን ውኃ ውስጥ ሳሉ ቀስ ብለው ያወዛውዙት። ኩባያውን ከነካ ሚዛኑ የጌጡን ክብደት ራሱን ይቀበላል፤ ቁጥሩ ከሥር ይበላሻል። ከ10 ግራም በታች ለሆነ ቀለበት ወይም ጉትቻ የኪስ ሚዛን ስሕተቱ ስለሚበዛ መልሱን አይመኑ። ውስጡ ክፍት የሆነ፣ በሰም ወይም በሙጫ የተሞላ፣ ድንጋይ ወይም ጨሌ ያለበት ጌጥ ጨርሶ በዚህ አይፈተሽም። በክር የተሰካ ጨሌም ውኃ አይግባ፤ የቆየ የጥጥ ክር ረጥቦ ሲሳብ ይበጠሳል።

በውኃ ያልተለየውን ባለሱቁ በአሲድ ይለየው። በማይታይ ቦታ ትንሽ ፍቆ አንድ ጠብታ የናይትሪክ አሲድ ያሳርፍበታል። አረንጓዴ ሆኖ ከፈላ መዳብ ወይም ኒኬል ነው፤ ወተት ከመሰለ ብር ነው። መፋቁ ግድ ነው፤ ነሐስ በብር ተለብጦ ከሆነ ላዩን ብቻ የነካ አሲድ «ብር» ይላልና።

ወርቅ ከሆነ ሥራው የመፈተሻው ጥቁር ድንጋይ ነው። ባለሱቁ ጌጡን ድንጋዩ ላይ ያሽና ካራቱ ከሚታወቅ ወርቅ መስመር ጎን አሲድ ያሳልፋል፤ ቶሎ የጠፋው መስመር ዝቅተኛው ነው። 18 ካራት ማለት ከ1000 ክፍል 750ው፣ 21 ካራት ማለት 875ቱ ወርቅ ነው። በብር ላይ ወርቅ የተለበጠ ዕቃ ሲሆን ያለቀበት ከፍታ ላይ ነጩ ብር ያገጣል፤ ይህ የሚያምር የዕድሜ ምልክት ነው እንጂ ጉድለት አይደለም፤ በ«ወርቅ» ዋጋ ካልተጠራ በስተቀር።

ጠገራ ብር ያለበት ጌጥ

ማርትሬዛ በማንጠልጠያ የተሰካበት የአንገት ጌጥ ሲቀርብልዎ ሳንቲሙ ላይ 1780 ተጽፎ ያገኛሉ። «የ1780 ነው» ሲባሉ ቀኑ ስለ ዕድሜው ምንም እንደማይናገር ይወቁ። ሳንቲሙ ላይ መልካቸው ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ያረፉት በዚያ ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይና በሌሎችም ቦታዎች የተመታው ሁሉ ይህንኑ ዓመት ይዞ ነው የወጣው።

ትክክለኛው 28.07 ግራም ይመዝናል፤ የወርዱ መለኪያ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ1000 ክፍል 833ቱ ብር ነው፤ ስለዚህ 23.4 ግራም ንጹሕ ብር አለበት። ብዙ ዘመን እጅ ለእጅ የዞረ ትንሽ ይቀልላል። የድሮ ሰው ሲቀበል የሚያየው የንግሥቲቱን የትከሻ ጌጥ ዕንቁዎች ነበር፤ ጥርት ብለው ካልተቆጠሩ አይቀበልም። እርስዎ ደግሞ ጠርዙን ያዙሩና ይዩ፤ ዙሪያውን ከፍ ብሎ የተቀረጸ ጽሑፍ አለበት። በቅርጽ የፈሰሰ ሐሰተኛ ጠርዙ ልሙጥ ወይም በሞረድ የተላገ ነው።

የዳግማዊ ምኒልክ ብርም ይመጣል። በ1887 ዓ.ም. የተመታው ዓመቱን በግዕዝ ቁጥር ፲፰፻፹፯ ብሎ ይዟል፤ ክብደቱ ከማርትሬዛ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ ከ1000 ክፍል 835ቱ ብር ነው። ማንጠልጠያ የተበየደበት ሳንቲም ለሳንቲም ሰብሳቢ ዋጋው ይወድቃል፤ ለጌጥ ፈላጊ ግን ዋናው ውበቱ ያ ማንጠልጠያ ነው። ማንጠልጠያውን አስወግዶ ሳንቲሙን «ለማጽዳት» ማሰብ ሁለቱንም ማጥፋት ነው።

ጨሌና አምበር

ቢጫ ወፍራም ጨሌ «አምበር» ተብሎ ሲቀርብ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል፦ እውነተኛ አምበር፣ ገና ያልጠነከረ የዛፍ ሙጫ፣ ወይም የአውሮፓ ፋብሪካ የሠራው ፕላስቲክ። ባለሱቁ ፈቅዶ አንድ ነጠላ ፍሬ ከተሰጠዎ ጨው እስኪጠግብ ድረስ በተበጠበጠ ውኃ ውስጥ ይጣሉት። አምበርና ሙጫው ይንሳፈፋሉ፤ የድሮው ፕላስቲክ ይሰምጣል። ሙጫውን ከአምበር ለመለየት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ጠብታ በቀዳዳው አካባቢ ያድርጉ፤ ሙጫው ይጣበቃል። የጋለ መርፌ አይጠቀሙ፤ ጠባሳው አይጠፋም። ፕላስቲክ ሆኖ ቢገኝም ከሰባ ሰማንያ ዓመት በላይ በሰው አንገት የኖረ ከሆነ የራሱ ዋጋ አለው፤ በአምበር ዋጋ ግን አይደለም።

የፍሬዎቹን ቀዳዳ ዳር ይዩ። እርስ በርስ ሲፋጩ የኖሩ ጨሌዎች ጎናቸው ይላላጣል፣ ቀዳዳቸው ይሰፋል። ሁሉም ቀዳዳ ስል ጠርዝ ካለው አዲስ የተሰካ ነው።

ዋጋ

ከመደራደርዎ በፊት የብሩን ዋጋ ለብቻ፣ የሥራውን ለብቻ ያስቡ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ግራም በጥራት፣ ከዚያ በዕለቱ የንጹሕ ብር የግራም ዋጋ። ለሒሳብ እንዲቀል የግራሙ ዋጋ 100 የኢትዮጵያ ብር ነው እንበል። 30 ግራም የሚመዝን፣ ከ1000 ክፍል 800ው ብር የሆነ አምባር 24 ግራም ንጹሕ ብር አለው፤ 2,400 ሆነ። ይህ ወለሉ ነው፤ ባለሱቁ ቢያቀልጠው የሚያገኘው። ከዚህ በታች መጠየቅ «አቅልጠው» ማለት ነው።

ከወለሉ በላይ የሚከፍሉት ለእጅ ሥራው፣ ለምሉዕነቱና ለታሪኩ ነው። ጥንድ ሆኖ የተገኘ አልቦ ከሁለት ነጠላ አልቦ ይበልጣል። ያልተጠገነ ከተጠገነ፣ በማን ሠርግ እንደተለበሰ የሚታወቅ ከማይታወቅ ይበልጣል። «መጨረሻው ስንት ነው?» ከማለትዎ በፊት ያዩትን ጉድለት በትሕትና ያሳዩ፦ «ይህ ማንጠልጠያ ሳስቷል፣ እዚህ ጋ እርሳስ አለ፣ ለማሠራቱ ይታሰብልኝ»። በምክንያት የተጠየቀ ቅናሽ አያስቀይምም። «አያዋጣም» ከተባሉ ቀብድ አስይዘው ነገ ልመለስ ማለት ይቻላል፤ ቀብዱንና የቀረውን ግን አጽፈው ይውሰዱ።

የማይገዛ ነገር

ታቦት፣ የብራና መጽሐፍ፣ የቤተ ክርስቲያን የእጅ ወይም የመጾር መስቀል፣ ከመስጊድ ወይም ከመቃብር የወጣ የሚመስል ማናቸውም ዕቃ ቢቀርብልዎ አይንኩት። ከቤተ ክርስቲያን የወጣ ዕቃ ሁሉም ባይሆን እንኳ አብዛኛው የተሰረቀ ነው፤ ገዢ ባይኖር ሌባም አይደክምም።

የዝሆን ጥርስ አምባርም እንዲሁ። ስለቆየ ብቻ ሕጋዊ አይሆንም። አገሪቱ በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ከ6 ቶን በላይ የተያዘ የዝሆን ጥርስ አዲስ አበባ ላይ አቃጥላለች፤ ድንበር ላይ ቢያዙ ማስረዳት ዋጋ የለውም።

ከአገር ይዘው የሚወጡ ከሆነ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ማውጣትን ይከለክላል። የቆየ የሚመስል ጌጥ ሁሉ ጉምሩክ ላይ ጥያቄ ስለሚያስነሳ፣ ከበረራዎ በፊት ቢያንስ ሁለት የሥራ ቀን አስቀርተው አዲስ አበባ የሚገኘው የቅርስ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ጌጡን ከደረሰኙ ጋር ይዘው ቀርበው ያስመርምሩ። ቅርስ ነው ከተባለ በአገሩ ይቀራል፤ ለዘመድ መስጠት ወይም ለሙዚየም ማቅረብ ይቻላል። ይህን አውቆ መግዛት ይሻላል። ዓርብ ከጅማ ተነሥቶ ቅዳሜ ለመብረር ያሰበ ሰው ምርመራውን አያደርስም።

ደረሰኝና ታሪክ

ደረሰኙ ላይ «ጌጥ» ብቻ አይጻፍ። ዓይነቱ፣ ግራሙ፣ የብሩ ጥራት፣ ያለበት ጥገና፣ ዋጋውና ቀኑ ይጻፍ። በቴሌብር ከከፈሉም ወረቀቱ ይቅረብ፤ የስልክ መልእክት ስለ ዕቃው ምንም አይልም።

በራስዎ ደብተር ደግሞ ቤተሰቡ የሚያውቀውን ይጻፉ። የሚጠየቁት ጥያቄዎች አጭር ናቸው፦ ማን አመጣው? ከየት ወረዳ? ለሠርግ ነው የዘወትር? በስንት ጥንድ ነበር? የቤቱ ሰው በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሌላም ቋንቋ ምን ብሎ ይጠራዋል? ስሙን እንደተነገረዎት፣ ባነጋገራቸው ይጻፉ። ያልታወቀውን በግምት አይሙሉ፤ «በቤተሰቡ አባባል» ብለው ይለዩት። ይህች ገጽ ከጌጡ ጋር ትኑር። ከእጅዎ ወጥቶ ሌላ ወርቅ ቤት ሚዛን ላይ ቢወድቅ ከማቅለጫው የምትመልሰው እሷ ናት።

መጠቅለልና መንከባከብ

በጋዜጣ አይጠቅልሉ፣ በጎማ ላስቲክም አይሰሩት፤ ጎማ ውስጥ ያለው ድኝ ብርን ያጠቁራል። የሱፍ ጨርቅም እንዲሁ። በታጠበና በደረቀ የጥጥ ጨርቅ እያንዳንዱን ለየብቻ ጠቅልለው አየር በማያስገባ ፌስታል ውስጥ ያድርጉ። በክረምት ከሄዱ የጅማ እርጥበት ብዙ ነው፤ ጌጡን ከማሸግዎ በፊት በደረቅ ጨርቅ በሚገባ ይጥረጉ። በአውሮፕላን ከሆነ በእጅ ሻንጣ ይያዙት።

ቤት ሲደርሱ በሎሚ፣ በአመድ ወይም በጥርስ ሳሙና አይፈትጉት። ሎሚው አሲድ ስለሆነ ፊቱን ይጎዳል፤ አመዱና የጥርስ ሳሙናው የአንጥረኛውን ቀጫጭን ጥልፍ እየላጉ ይወስዱታል፤ በጎድጓዳው የቆየው ጥቁረትም አብሮ ይሄዳል፤ ጥልፉ ጎልቶ የሚታየው ግን በእሱ ነው። ለብ ያለ ውኃ፣ ጥቂት ለስላሳ ሳሙና፣ የሕፃን ጥርስ ብሩሽ፤ ከዚያ ወዲያው በደንብ ማድረቅ። ጨሌና አምበር ያለበትን በደረቅ ጨርቅ ብቻ። የሳሳ ማንጠልጠያ ካለው ሳይለብሱት ለአንጥረኛ ይስጡ፤ ሲሰጡም «በብር ብየዳ ይሁን፣ እርሳስ አይንካው፣ አሮጌውን ቀለበት አትጣለው» ብለው ቆመው ይንገሩት፤ የተቀየረውንም ቀለበት ተቀብለው ከገጿ ጋር ያስቀምጡ።